የጊታር ድምፅና የመራጭ ድምፅ፦ ፖል የቱን ጥያቄ ይመልሳል?

የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ከኪስ ገንዘቤ እየቆጠብኩ አንድ ያገለገለ ክላሲካል ጊታር ገዛሁ። ናይለን ክር የታሰረበት፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ጊታር ነበር። ክሮቹ ግን አርጅተዋል፤ መቀየር አለባቸው። ምን ዓይነት ክር ልግዛ? አባል በሆንኩበት የጊታር አፍቃሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፖል ከፈትኩ፦ «የቱ ክር ይሻላል? ናይለን ወይስ ብረት?» እስከ ማታ ብዙ ሰው መረጠ። ከአስሩ ስምንቱ ያህል «ብረት» አሉ። በነጋታው የብረት ክር ገዝቼ አሰርኩ።

ድምፁ እውነትም ደመቀ። ለጥቂት ቀናት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ አንድ ሌሊት «ጧ!» የሚል ነገር ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። መብራት ሳበራ ብሪጁ፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበትና ከጊታሩ ፊት ላይ በሙጫ የተለጠፈው እንጨት፣ ከነክሮቹ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለውንም ስስ እንጨት ልጦ ይዞት መጥቷል።

ጊታሩን ይዤ አንድ አዛውንት ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይህን ክር ማን እሰር አለህ?» አሉኝ። «ግሩፕ ላይ ተመርጦ ነው» አልኳቸው። ሳቅ አሉና «ጊታሩስ መርጧል?» አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ ለእሳቸው ጥያቄ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው። በአማርኛ ለምርጫ የምንሰጠውም «ድምፅ» ነው፤ ከጊታር የሚወጣውም «ድምፅ» ነው። የእኔ ስህተት ሁለቱን ማምታታቴ ነበር። እናንተም የሙዚቃ መሣሪያ፣ ስልክ ወይም የትምህርት ክፍል ለመምረጥ ፖል ከፍታችሁ ታውቁ ይሆናል። እስቲ ፖል ምን ሊነግረን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አብረን እንይ።

ጊታሩ ለምን ተሰበረ?

አንድ የተወጠረ ክር ስንት ጊዜ በሰከንድ እንደሚርገበገብ የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የክሩ ርዝመት፣ የተወጠረበት ኃይል እና የክሩ ክብደት በሜትር። ክሩ ሲያጥር ወይም ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ክሩ ሲከብድ ደግሞ ድምፁ ይወፍራል።

አሁን ጊታር ላይ እናምጣው። ርዝመቱ ቋሚ ነው፤ በክላሲካል ጊታር 65 ሴንቲ ሜትር ያህል። የሚፈለገው ኖታም ቋሚ ነው። ለምሳሌ አምስተኛው ክር በተለመደው ቅኝት በሰከንድ 110 ጊዜ መርገብገብ አለበት፤ ናይለንም ይሁን ብረት። የተለመደው የብረት ክር በሜትር ሲለካ ከናይለኑ ይከብዳል። ስለዚህ ያንኑ ኖታ እንዲሰጥ ከተፈለገ የግድ በበለጠ ኃይል መወጠር አለበት። ሌላ መውጫ የለም።

ምን ያህል ይበልጣል? ስድስቱ የናይለን ክሮች ተደምረው ጊታሩን የሚስቡት 40 ኪሎ ግራም ያህል ዕቃ ቢንጠለጠልበት በሚስበው ኃይል ነው። የተለመዱት የብረት ክሮች ግን ወደ 70 ኪሎ ግራም ይደርሳሉ። አንድ ትልቅ ሰው ጊታሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲውል ሲያድር አስቡት! ለብረት ክር የሚሠሩ ጊታሮች ይህን እንዲችሉ ከፊታቸው እንጨት ሥር ጠንካራ ማገሮች፣ አንገታቸው ውስጥም የብረት ዘንግ ይገባላቸዋል። ክላሲካል ጊታር ግን ለናይለን ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው። (ክላሲካል ጊታር ካላችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳችሁ ይህን አትርሱ፦ የብረት ክር አትሰሩበት።)

ታዲያ መራጮቹ ዋሽተዋል? በፍጹም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጊታር አስቦ፣ የሚወደውን በሐቅ ተናግሯል። ብዙዎቹ የነበራቸው ለብረት ክር የተሠራ ጊታር ነበር። የእኔ ፖል የለካው «በዚህ ግሩፕ ውስጥ ስንት ሰው ብረት ክር ይወዳል?» የሚለውን ነው። እኔ ግን መልሱን «የእኔ ጊታር ብረት ክር ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ተጠቀምኩበት። ፖል ስለ መራጮቹ ይናገራል፤ ስለ ጊታሩ አይናገርም። የጽሑፌ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ሦስት ዓይነት ጥያቄዎች

ፖል ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄያችሁ ከእነዚህ ሦስት ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

አንደኛው የተፈጥሮ ጥያቄ ነው። «ይህ ብሪጅ 70 ኪሎ ይሸከማል?»፣ «ወፍራም ክር የበለጠ ውጥረት ይፈልጋል?» የሚሉት እዚህ ይገባሉ። መልሳቸው ማንም ቢመርጥ ባይመርጥ አይለወጥም። እዚህ የሚያስፈልገው ስሌት ወይም ልኬት ነው፤ አለዚያም ለክቶ የሚያውቅ ሰው።

ሁለተኛው የሰዎች ጥያቄ ነው። «ስንቶቻችሁ ጀማሪ ናችሁ?»፣ «ክር በየስንት ወሩ ትቀይራላችሁ?»፣ «የትኛው ድምፅ ይጥማችኋል?» የእነዚህ መልስ ያለው በሰዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰዎቹን ከመጠየቅ የተሻለ መንገድ የለም። ፖል የተፈጠረው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የስምምነት ጥያቄ ነው። «በየትኛው ቀን እንገናኝ?»፣ «በዚህ ወር የትኛውን ዜማ እንለማመድ?» እዚህ አስቀድሞ የተቀመጠ ትክክለኛ መልስ የለም፤ መልሱን የሚፈጥረው ምርጫው ራሱ ነው። መሣሪያ የምንቃኝበት የድምፅ ልክ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ፈረንሳይ መቃኛውን ኖታ 435 ኸርዝ እንዲሆን በሕግ ደነገገች። እ.ኤ.አ. በ1939 ደግሞ በለንደን የተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ 440 ኸርዝን መረጠ። 440 ከ435 የበለጠ «እውነት» አይደለም። ሁሉም በአንድ ልክ ቢቃኝ አብሮ መጫወት ስለሚቀል ብቻ የተደረሰበት ስምምነት ነው።

ችግሩ «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ሦስቱንም መምሰሉ ነው። «ለእኔ ጊታር የሚስማማው» ማለት ነው? «እናንተ የምትወዱት» ማለት ነው? ወይስ «ሁላችንም እንድንጠቀምበት የምንስማማበት»? ጠያቂው ካልለየው መራጩ እንደመሰለው ይመልሳል፤ ውጤቱም የተደበላለቀ ይሆናል።

ብዙ ሰው መረጠ ማለት ትክክል ነው ማለት ነው?

እሺ፣ ጥያቄያችን የሰዎች ጥያቄ ነው እንበል። «ጊታር ተጫዋቾች የትኛውን ክር ይወዳሉ?» አሁንስ ፖሉን እንመነው? እዚህ ላይ አንድ ታዋቂ ውድቀት ማየት አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ ፍራንክሊን ሩዝቬልትና አልፍ ላንደን ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደሩ ነበር። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል የመጠይቅ ካርዶች በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መለሱለት። ውጤቱ ላንደን 57 በመቶ አግኝቶ ያሸንፋል የሚል ነበር። በምርጫው ቀን ግን ሩዝቬልት 61 በመቶ ያህል ድምፅ አገኘ፤ ከ48ቱ ክፍለ ግዛቶችም 46ቱን ወሰደ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሎፕ የተባለ ሰው እጅግ ባነሰ ናሙና፣ 50,000 ያህል ሰው ጠይቆ፣ ሩዝቬልት እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ተናግሮ ነበር።

2 ሚሊዮን ሰው እንዴት ይሳሳታል? በሁለት መንገድ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት ያገኘው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ያለቀለት ጊዜ አልነበረም፤ ስልክና መኪና የነበራቸው ደግሞ ይበልጡን ደህና ኑሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ ካርዱ ከደረሳቸው መካከል የመለሱት ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ ነበሩ። ለመመለስ የተነሳሱትና ዝም ያሉት ሰዎች አስተያየታቸው አንድ ዓይነት አልነበረም።

ወጥ ስትቀምሱ አስቡት። ድስቱ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ በደንብ ከተማሰለ አንድ ጭልፋ ጨው መብቃቱን ይነግራችኋል። ካልተማሰለ ግን ከላይ ከላይ አሥር ጭልፋ ብትቀምሱም ከሥር ያለውን አታውቁትም። ናሙናን አስተማማኝ የሚያደርገው መጀመሪያ ማማሰሉ ነው፤ የጭልፋው ብዛት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በስታቲስቲክስ ቋንቋ «ማማሰል» ማለት ሰዎቹን በዕጣ መምረጥ ነው። በዕጣ ከተመረጡ አንድ ቀላል ቀመር አለላችሁ፦ 1ን ለመራጮቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት አካፍሉ። 100 ሰው ከሆነ 1 ለ10 ሲካፈል፣ የስህተት ህዳጉ 10 በመቶ ያህል ነው። 400 ሰው ከሆነ 5 በመቶ፣ 1,000 ሰው ከሆነ 3 በመቶ ያህል። በዜና ላይ «የስህተት ህዳጉ ሲደመር ሲቀነስ 3 በመቶ ነው» ሲባል የምትሰሙት ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ቀመር ግን በጊታር ግሩፕ ፖል ላይ አይሠራም። ለምን? ማንም በዕጣ ስላልተመረጠ። ፖሉን የመለሰው በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት የነበረው፣ ስለ ክር ጠንከር ያለ አስተያየት ያለው፣ መጻፍ የሚወድ ሰው ነው። «ስለ ክር ምንም አላውቅም» የሚለው ጀማሪ አልፎት ይሄዳል። ክላሲካል የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፤ ምናልባትም ግሩፑን ለቀው ወጥተዋል። ስለዚህ 1,000 ሰው ቢመርጥ እንኳ ውጤቱን «ጊታር ተጫዋቾች እንዲህ ይላሉ» ብላችሁ አትናገሩ። ትክክለኛው አነጋገር «ለመምረጥ ከፈለጉት አባሎቻችን መካከል ይህን ያህሉ እንዲህ አሉ» የሚለው ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የእኔን ጊታር ግን ዋጋ አስከፍሎታል።

ሌላው ምን አለ?

ሌላም ነገር አለ። ሰው አስተያየት የሚሰጠው ብቻውን ተቀምጦ አይደለም። ከፖሉ ሥር «ብረት ነው እንጂ! ናይለን ለሕፃን ነው» የሚል አስተያየት መጀመሪያ ከተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው ምን ይመርጣል?

ይህን በሙዚቃ ራሱ የፈተኑ ተመራማሪዎች አሉ። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከ14,000 በላይ ሰዎች ከማይታወቁ ባንዶች የተሰበሰቡ 48 ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ አደረጉ። አንዳንዶቹ ተሳታፊዎች ዘፈኖቹን ብቻ አዩ። ሌሎቹ ደግሞ ከእነሱ በፊት ስንት ሰው እንዳወረደው ጭምር ያያሉ። እነዚህኞቹ በ8 የተለያዩ ዓለሞች ተከፋፈሉ፤ አንዱ ዓለም የሌላውን ቁጥር አያይም።

ዘፈኖቹ በሁሉም ዓለም ያው ናቸው፤ ውጤቱ ግን ተለያየ። በአንዱ ዓለም ከላይ የወጣ ዘፈን በሌላው መሐል ወይም ታች ሊገኝ ቻለ። የሌሎችን ምርጫ ማየት ተወዳጁን ይበልጥ ተወዳጅ፣ የተረሳውን ይበልጥ የተረሳ አደረገ። እርግጥ እጅግ ጥሩ የተባሉት ዘፈኖች ብዙም አልወደቁም፤ እጅግ ደካማ የተባሉትም ብዙም አልወጡም። በመካከል ያሉት ዕጣ ፈንታ ግን መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ሰዎች በነኩት ላይ ተንጠለጠለ።

ስለዚህ አንድ ፖል 80 በመቶ ሲል 80 ሰዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ አስበው ደረሱበት ማለት ላይሆን ይችላል። አምስት ሰው አስቦ ሰባ አምስት ሰው ተከትሎም ሊሆን ይችላል።

ዓይን ሲሸፈን ጆሮ ምን ይላል?

«እሺ፣ ልምድ ያላቸውን ብቻ ብንጠይቅስ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ባለሙያም ቢሆን የሚያየውና የሚያውቀው ዋጋ ጆሮውን ሊመራው ይችላል።

ተመራማሪዋ ክላውዲያ ፍሪትዝ፣ የቫዮሊን ሠሪው ጆሴፍ ከርቲንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካዋ ኢንዲያናፖሊስ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾችን ሰበሰቡ። ስድስት ቫዮሊኖች ቀረቡ፦ ሦስቱ አዲስ፣ ሦስቱ ዋጋቸው ሰማይ የነካ የድሮ የጣሊያን ሥራዎች። ከድሮዎቹ ሁለቱ ስትራዲቫሪ የሠራቸው ነበሩ። ተጫዋቾቹ የሚጫወቱት ብርሃኑ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ የበያጅ መነጽር አድርገው ነበር። የአሮጌ እንጨት ሽታ እንዳያጋልጥ እንኳ ቫዮሊኖቹ ላይ ትንሽ ሽቶ ጠብ ተደርጎባቸዋል! ከሁሉ የበለጠ የተወደደው አዲስ ቫዮሊን ሆነ፤ ከሁሉ ያነሰው ደግሞ አንዱ ስትራዲቫሪ። ምርጫውን አስቀድሞ በስም ብናደርገው ኖሮ የትኛው እንደሚያሸንፍ ለመገመት አይከብድም።

ጊታርም ተመሳሳይ ፈተና ቀርቦለታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የእንግሊዙ ላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ስድስት የብረት ክር ጊታሮች በሌላው ነገር ሁሉ ተመሳስለው ተሠሩ። የተለያየው የጀርባቸውና የጎናቸው እንጨት ብቻ ነበር። ከእንጨቶቹ መካከል ውዱ የብራዚል ሮዝዉድ አለ፤ ማሆጋኒ፣ ሜፕልና ሌሎችም አሉ። 52 ጊታር ተጫዋቾች እንጨቱን ሳያዩ ተጫወቱባቸውና ነጥብ ሰጡ። ለስድስቱም የተሰጠው ነጥብ ተቀራራቢ ነበር።

ይህ ማለት «ሁሉም ጊታር አንድ ነው» ማለት አይደለም። ጥናቱ ስለ ጀርባና ጎን እንጨት ነው፤ የፊቱ እንጨት፣ አሠራሩና ክሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የብራዚል ሮዝዉድ ከመጨፍጨፉ የተነሳ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ክልከላ ሥር ነው። «ምርጡ እንጨት የቱ ነው?» ብለን በስም ብናስመርጥና ዝነኛው ስም ቢያሸንፍ፣ ጆሮ የማይለየውን ልዩነት ፍለጋ ዛፍ እናስቆርጣለን ማለት ነው።

ታዲያ ፖል ይቅር?

አይቅር! ልክ ባለው ቦታ ላይ ፖል ድንቅ መሣሪያ ነው። የጊታር ግሩፕ ለመምራት የአባላቱን ደረጃ፣ የሚመቻቸውን ሰዓት፣ ሊማሩት የሚፈልጉትን ማወቅ ያስፈልጋል። ያለ ፖል ጎላ ብለው የሚያወሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ይወስናሉ፤ ዝምተኛው አባል በአንድ ጠቅታ ሐሳቡን የሚገልጸው በፖል ነው። ጥቂት ጥንቃቄዎች ግን ያስፈልጋሉ።

ጥያቄው ስለ መራጩ ይሁን። «የቱ ይሻላል?» ከማለት «አንተ/አንቺ አሁን የምትጠቀሙት የትኛውን ነው? በምን ዓይነት ጊታር ላይ?» በሉ። የእኔ ፖል ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ቢኖረው ኖሮ ብሪጄ በቦታው ይቆይ ነበር።

«አላውቅም» የሚል አማራጭ ጨምሩ። ከሌለ የማያውቅ ሰው በግምት ይመርጣል፤ ግምቱም እንደ እውቀት ይቆጠራል።

ከአንድ በላይ መምረጥ ይፈቀድ። 100 ሰዎች በዚህ ወር የሚለማመዱትን ይመርጣሉ እንበል። 60ዎቹ የሀገራችንን ቅኝት መሥራት ይፈልጋሉ፤ ግን 35ቱ ትዝታን፣ 25ቱ ባቲን መረጡ። የቀሩት 40ዎቹ አንድ የሮክ ዘፈን መረጡ። አንድ ብቻ መምረጥ ከተፈቀደ ሮኩ በ40 ያሸንፋል፤ 60ው ሰው ግን ቅኝት ነበር የፈለገው። «የሚስማማችሁን ሁሉ ምረጡ» ቢባልና 60ዎቹ ሁለቱንም ቅኝቶች ቢነኩ፣ ውጤቱ ይገለበጣል። መራጮቹም ፍላጎታቸውም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የመቁጠሪያ መንገዱ ብቻ ነው።

የተፈጥሮ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ ፖሉን ትታችሁ ፈትኑ። ቀላሉን ልንገራችሁ። ሁለት ዓይነት ክር ድምፃቸው ይለያል ወይ ብላችሁ ትከራከራላችሁ እንበል (ሁለቱም ለጊታራችሁ የሚስማሙ ይሁኑ!)። ያንኑ ዜማ፣ በዚያው ጊታር፣ በዚያው ስልክ፣ ከዚያው ርቀት በሁለቱም ቅረጹ። የድምፁን መጠን እኩል አድርጉ፤ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ከዚያ ጓደኛችሁ ሳንቲም እየወረወረ አንዱን ያጫውትላችሁ፤ እናንተ የትኛው እንደሆነ ሳታዩ ገምቱ። 10 ጊዜ ድገሙት። በግምት ብቻ 9 ወይም 10 ትክክል የማግኘት ዕድል ከ1,024 አጋጣሚ 11 ብቻ ነው፤ 1 በመቶ ያህል። 9 ካገኛችሁ ጆሯችሁ በእርግጥም እየለየ ነው ማለት ይቻላል። 5 ወይም 6 ካገኛችሁ ደግሞ ርካሹን ገዝታችሁ በቀረው ገንዘብ መቃኛ ግዙ።

የእኔ ጊታር ተጠግኖ ናይለን ክር ታስሮበት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ብሪጁ ሥር የጥገናው ጠባሳ ይታያል። በግሩፖች ላይ አሁንም ፖል እከፍታለሁ፤ «በዚህ ሳምንት ምን ተለማመዳችሁ?» ብዬ ሰዎቹን ስለ ሰዎቹ እጠይቃለሁ። ስለ ጊታሩ ማወቅ የፈለግኩ ቀን ግን ሜትርና ሚዛን አወጣለሁ፤ አለዚያም ወደ እኚያ አዛውንት ጠጋኝ ጎራ እላለሁ።